የእታለምን 486 ማስነሳት፦ የክረምት የሥራ ማስታወሻ ከባሕር ዳር

ሰኔ 28

ዛሬ ሱቄን በጊዜ ዘግቼ ሽንብጥ እታለም ቤት ሄድኩ። እታለም የእናቴ ታናሽ ናት፣ ከ1988 ጀምሮ ስምንት ዓመት ገደማ ፔዳ (የመምህራን ኮሌጁ) በር አካባቢ ኮምፒውተር ጽሕፈት ነበራት፣ የዚያን ጊዜ የፔዳ ተማሪ ሲኒየር ኢሴውን እሷ ጋ ያላስጻፈ ያለ አይመስለኝም። ሱቁ ሲዘጋ ዕቃው ሁሉ ጓሮዋ ያለችው ዕቃ ቤት ገባ፣ ታይፑም፣ ወንበሩም፣ ኮምፒውተሩም። እኔ አሮጌ ኮምፒውተር እንደምሰበስብ ዘመድ ሁሉ ያውቃል፣ ያውቃል ስል ይስቅብኛል ማለቴ ነው፣ ግን እዚያ ጆንያ ስር አንድ እንዳለ እስከ ዘንድሮ ማንም አልነገረኝም።

አሁንም የተነሳው በዕድር ጠብ ነው። የሰፈሩ ዕድር በ1981 ነው የተመሠረተው፣ መተዳደሪያ ደንቡን በ1990 በኮምፒውተር የጻፈችው እታለም ናት፣ ዘንድሮ አንድ አንቀጽ ላይ ተጣሉ፣ ዘመዱ ሌላ ከተማ የሞተበት አባል ድንኳን ይገባዋል ወይስ ገንዘብ ብቻ ነው የሚሰጠው የሚል ነገር። የደንቡ ወረቀት ደግሞ የለም። አንዱ የድሮው ዳኛ ጋ ነው ይላል፣ አንዱ ጎርፍ በልቶታል ይላል። እታለም ስብሰባው መሐል "ኮምፒውተሬ ውስጥ አለ እኮ፣ አልደመሰስኩትም" አለች፣ ሰው ሁሉ ወደሷ ዞረ፣ እሷ ደግሞ ለኔ ደወለች።

ከሁለት የጤፍ ጆንያ ጀርባ ሰሌን ተጠቅልሎበት አገኘነው። ሲወለድ ነጭ የነበረ፣ አሁን የጠላ መልክ የያዘ ታወር ነው። ፊቱ ላይ ቱርቦ የምትል ቁልፍ አለች፣ ከጎኗ 66 ተብሎ የሚበራ ትንሽ መስኮት አለ፣ እታለም "66 ይል ነበር ሁልጊዜ" ስትለኝ ልቤ ዘለለች። ዲኤክስ2 ነዋ፣ 486 የሚባለው ፕሮሰሰር አንዱ ዓይነት! ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1992 ያወጣው፣ ቦርዱ በ33 ሜጋኸርዝ እየሄደ ፕሮሰሰሩ ውስጡን እጥፍ የሚሮጥ። እስካሁን ሼልፌ ላይ ያሉት አንድ ኪቦርድ የሌለው አይቢኤም ፒኤስ2 ሞዴል 30፣ አንድ ፔንቲየም ኤምኤምኤክስ፣ አንድ የኦሊቬቲ የአማርኛ ታይፕ (ኮምፒውተር አይደለም አትበሉኝ) እና ብዙ ብዙ ካርድ ናቸው፣ 486 ግን አልነበረኝም። እዚህ አገር 486 የሚያልቀው ቆራሌው ጋ ነው፣ በኪሎ። ለሰፈራችን ቆራሌው ስልኬን ከሰጠሁት ሁለት ዓመት ሆኖታል፣ ከብረት መደብሩ በፊት ለኔ ይደውላል፣ እስካሁን ግን ሁለት ዲቪዲ ማጫወቻና አንድ ምጣድ ነው ያስመረጠኝ።

ባጃጅ ውስጥ ጭኔ ላይ ይዤው መጣሁ። ባለቤቴ በር ላይ አየችኝና ምንም ሳትል ገባች፣ ምንም አለማለቷ ነው የሚያስፈራው።

ሰኔ 30

ከፈትኩት።

ባሕር ዳር የኖረ ዕቃ ከፍቶ የሚያውቅ ሰው የጣና ትንኝ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። ማታ መብራት ያየች ሁሉ ትገባለች፣ ከዚያ አቧራው ላዩ ላይ፣ ከዚያ የክረምቱ እርጥበት፣ በቃ እንደ ቂጣ ተጋግሮ ነው የሚነሳው። ከፓወር ሰፕላዩ ፋን ስር ብቻ አንድ ጭልፋ ትንኝ አውጥቻለሁ። ፍሎፒው አፍ ውስጥ ደግሞ ተርብ በጭቃ ቤቷን ሠርታለች፣ ጭራሽ ሁለት ክፍል። ልጄን ጠርቼ አሳየሁት፣ ከኮምፒውተሩ ይልቅ እሷ ናት የገረመችው።

ዋናው ጉዳት ግን ባትሪው ነው። የዚያ ዘመን ቦርድ ሰዓቱንና ሴቲንጉን የሚያስታውስበት 3.6 ቮልት ኒኬል ካድሚየም ባትሪ ቦርዱ ላይ ተበይዶ ነው የሚመጣው፣ በርሜል የመሰለች። ዕድሜዋ ሲያልቅ ታለቅሳለች። የዚህችም እንባ ወደ ኪቦርድ መሰኪያው በኩል ሄዶ መዳቡን አረንጓዴ አድርጎታል። ሰው "የባትሪ አሲድ" ይላል፣ አሲድ አይደለም፣ ተቃራኒው ነው፣ ፖታሺየም ሃይድሮክሳይድ ነው፣ ስለዚህ ሶዳ ብታፈስበት ምንም አይሆንም፣ የሚገድለው ኮምጣጤ ነው። ነጭ ኮምጣጤ ከኪችን ሰርቄ በጥርስ ብሩሽ አሸሁት፣ ሽሽሽ አለ፣ አረፋ ወጣ፣ ከዚያ በዲስቲልድ ውኃ (ለመኪና ባትሪ የሚሸጠው)፣ በመጨረሻ በአልኮል። ባትሪዋን ቆርጬ ጣልኳት። ቤታችሁ የ386 ወይ የ486 ቦርድ ያላችሁ ሰዎች ሌላ ምንም ባትሠሩ እንኳ ዛሬ ማታ ይቺን ባትሪ ቆርጣችሁ አውጡ፣ ለምኛችኋለሁ።

ቀሪው ደህና ነው። 8 ሜጋ ራም (ሜጋ ነው ያልኩት)፣ ትሪደንት ቪጂኤ ካርድ (ምስሉን ወደ ስክሪን የሚልከው)፣ ሲጌት ሃርድ ዲስክ። ዲስኩ ላይ ያለው ወረቀት ሲሊንደር 899፣ ሄድ 15፣ ሴክተር 62 ይላል፣ ኮምፒውተሩ ዲስኩን እንዲያውቀው የሚነገረው ልክ ነው። ደብተሬ ላይ ጻፍኩት፣ ወረቀቱ ሊላቀቅ ደርሷል።

ሐምሌ 5

ጾሙ ተፈታ፣ ሥጋ ተበላ፣ ከዚያ ፓወር ሰፕላይ።

ሃያ ዓመት የተቀመጠ ፓወር ሰፕላይ ዝም ብሎ ግድግዳ ላይ አይሰካም። መጀመሪያ ከአምፖል ጋር በተከታታይ ታስረዋለህ፣ ውስጥ ሾርት ካለ አምፖሉ ቦግ ይላል፣ ዕቃው አይቃጠልም። ችግሩ የድሮው ባለ ክር አምፖል ያስፈልጋል፣ ኤልኢዲ አይሆንም፣ አሁን ደግሞ የትኛው ሱቅ ነው ባለ ክር የሚሸጠው። አምስት ሱቅ ጠይቄ የሳቁብኝ ሁለት ናቸው። በመጨረሻ ጫጩት የሚያሳድግ ጎረቤቴ ከማሞቂያው ላይ ፈትቶ ባለ 100 ዋት አዋሰኝ፣ "እስከ ማታ መልስ፣ ይበርዳቸዋል" ብሎ።

ሰካሁት። አምፖሉ ብልጭ ብሎ ደበዘዘ፣ ፋኑ ዞረ፣ ለካሁ፣ 5 ቮልቱ 5.08፣ 12ቱ 11.9። እሰይ። አምፖሉን ለጫጩቶቹ መለስኩ።

ሐምሌ 6

ስድቤን ራሴ ልጻፈው።

ትናንት ሠርቶልኛል አይደል፣ ዛሬ "ትንሽ ላጽዳው" ብዬ ሳጥኑን በብሩሽ ጠራረግኩት፣ ከጀርባው ያለችውን ቀይ መቀየሪያ፣ 115 እና 230 የምትለዋን፣ ብሩሹ ገፍቷታል። አላየሁም። አምፖሉ ደግሞ ጫጩት ቤት ነው። ሰካሁ።

ጓ!

ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። እናቴ ነጠላዋን ይዛ ወጣች፣ ውሻው እስካሁን አልጋ ስር ነው። ነገሩ ቀላል ነው፣ መቀየሪያዋ 115 ላይ ስትሆን ሰርኪዩቱ የገባውን ቮልቴጅ እጥፍ ያደርጋል፣ ለአሜሪካ መብራት የታሰበ ነው፣ እኛ ደግሞ 220 ነው የምንሰጠው፣ ስለዚህ ሁለቱ ባለ 200 ቮልት ካፓሲተሮች እያንዳንዳቸው 300 ምናምን ቮልት ጎረሱ። አንዱ ጭንቅላቱን ከፍቶ የውስጡን ወረቀት ክዳኑ ላይ ለጥፎታል። ለደንበኛ ላፕቶፕ "ቻርጀሩን ሳታይ አትሰካ" እያልኩ ቀኑን ሙሉ የምለፈልፈው ሰውዬ ነኝ እንግዲህ።

ሐምሌ 12

ሱቄ ጓሮ የሞቱ የፓወር ሰፕላይ ክምር አለኝ፣ ባለቤቴ የምትጠላው ክምር፣ ዛሬ ታሪክ ሠራ። ከአንድ የፔንቲየም 4 ፓወር ሰፕላይ ሁለት ባለ 200 ቮልት 470 ማይክሮ ካፓሲተር፣ ፊውዝ፣ ሁለቱን 13007 ትራንዚስተር ነቅዬ ተከልኩ። ዘመናቸው ይለያያል እንጂ አንጀታቸው አንድ ነው። ቀይዋን መቀየሪያ 230 ላይ አድርጌ በሱፐር ግሉ አጣበቅኳት። ከእንግዲህ ማንም አይገፋትም፣ እኔም ጭምር።

አምፖሉን እንደገና ተዋስኩ። ጎረቤቴ አሁን ኪራይ ልጠይቅ ነው እያለ ነው። ሠራ።

ሐምሌ 20

ዛሬ ቦርዱና ፓወሩ ተጋቡ። ኤቲ የሚባለው የዚያ ዘመን ፓወር ሰፕላይ ለቦርዱ የሚገባው በሁለት መሰኪያ ነው፣ ፒ8 እና ፒ9፣ ሁለቱ መልካቸው አንድ ነው፣ ብታገላብጣቸውም ትንሽ ከተጫንካቸው ይገባሉ፣ ከገቡ ደግሞ ቦርዱን ትቀብራለህ። ደንቡ አንድ ነው፣ ጥቁር ከጥቁር፣ ጥቁሮቹ ሽቦዎች መሐል ላይ ጎን ለጎን መሆን አለባቸው። ሦስት ጊዜ አየሁ፣ ልጄንም "ጥቁሮቹ ተጠጋግተዋል?" ብዬ ጠየቅኩት፣ አዎ አለ፣ ከሐምሌ 6 በኋላ በራሴ ዓይን ብቻ አላምንም።

አበራሁ። ስክሪን ጨለማ። ከዚያ ጢጥ ጢጥ ጢጥ... ቆጠርኩ፣ ስምንት።

ይኼ ጩኸት ግን ደስ ይላል እኮ። የዛሬ ላፕቶፕ ሲሞት ዝም ነው የሚለው፣ የትኛው ቺፕ እንደሆነ ግማሽ ቀን ትፈልጋለህ፣ ይሄኛው ሕመሙን ቆጥሮ ይነግርሃል። አሚ ባዮስ ላይ (ኮምፒውተሩ ሲበራ ራሱን የሚፈትሽበት ፕሮግራም ነው) ሦስት ጢጥ ራም ነው፣ ስድስት የኪቦርድ መቆጣጠሪያው ነው፣ ስምንት የቪዲዮ ካርዱ ሜሞሪ ነው። ትሪደንቱን ነቅዬ እግሩን በላጲስ ጠርጌ መለስኩት፣ አንድ ጢጥ ብቻ አለና ራም መቁጠር ጀመረ። ጠጠጠጠጠ እያለ ቁጥሩ ሲወጣ እናቴ እንኳ መጥታ አየች።

ከዚያ "ኪቦርድ ኤረር" ብሎ ቆመ። ጠብቄዋለሁ ይቺን። ባትሪዋ ያለቀሰችበት ቦታ ነዋ።

ሐምሌ 27

እሑድ ሙሉውን አጎንብሼ ዋልኩ፣ አንገቴ አሁንም አልተቃናም። ከኪቦርድ መሰኪያው ወደ መቆጣጠሪያው ቺፕ የሚሄዱትን መስመሮች በቴስተር ድምፅ እያስጮኽኩ አንድ በአንድ ሞከርኩ። ሦስት ተቆርጠዋል። አንደኛው ከላይ ደህና ይመስላል፣ አረንጓዴው ቫርኒሽ አልተነካም፣ ስሩ ግን መዳቡ ተበልቶ ባዶ ነው፣ በዓይን ብቻ ያየ ሰው ሁለት ሳምንት ይፈልጋታል።

ሽቦው ቀጭን መሆን አለበት፣ ሽፋን ያለው። ቀበሌው ጀርባ ሞተር የሚጠቀልሉ ልጆች አሉ፣ የውኃ ፓምፕ ምናምን የሚሠሩ፣ እነሱ ጋ ሄጄ ከተቃጠለ የፋን ሞተር ላይ አንድ ክንድ ሽቦ ለመንኩ። "ይቺ ለምን ትሆናለች?" አሉኝ፣ ነገርኳቸው፣ አንዱ ሊያይ ቤት ድረስ ተከትሎኝ መጣና እጁ ከኔ የተረጋጋ ሆኖ ሁለቱን መስመር እሱ በየደልኝ። ሞተር ጠቅላይ እጅ አይንቀጠቀጥም ለካ።

የእታለምን ኪቦርድ ሰካሁ። ኪቦርዱ ራሱ ሙዚየም ነው። ቁልፎቹ ላይ የሐኪም ቤት ፕላስተር በትንንሹ ቆርጣ ለጥፋ ፊደሉን በእስክሪብቶ ጽፋበታለች፣ ሀ፣ ለ፣ መ... የብዙዎቹ ቀለም ጠፍቷል፣ የጣቷ ቅርጽ ግን አለ። ኤረሩ ጠፋ።

ነሐሴ 3

ሰዓቱ። ባትሪ የሌለው ቦርድ በበራ ቁጥር ሴቲንጉ ጠፍቷል ይልሃል፣ የዲስኩን ቁጥር እንደገና ማስገባት አለብህ፣ ቀኑም ወደ ጃንዋሪ 1 ቀን 1980 ይመለሳል፣ የዶስ (ዊንዶውሱ የሚነሳበት የድሮው ሲስተም) ዘመን መቁጠሪያ የሚጀምርበት ቀን ነው። ይኼን ለእታለም በስልክ ስነግራት "በኛ መቼ ነው?" አለች። አሰላሁት፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 1972። "አሃ፣ የደቅስዮስ ለት!" አለች፣ እሷ ሁሉንም ነገር በዓል ላይ ነው የምትሰቅለው።

መጀመሪያ ክብ ባለ 3 ቮልት ድንጋይ አደረግኩ፣ ከዳዮድ ጋር፣ ኤሌክትሪክ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ከምታሳልፈዋ። ዳዮዷን እንዳትረሱ፣ ቦርዱ የድሮዋን ባትሪ ቻርጅ የሚያደርግበት መስመር አለው፣ ቻርጅ የማይደረግ ድንጋይ ላይ ኤሌክትሪክ ከላክ ሊፈነዳ ይችላል። ግን ዳዮዷ ራሷ ግማሽ ቮልት ምናምን ትበላለች፣ የተረፈው አልበቃውም፣ ጠዋት ስመጣ ረስቶታል። ስለዚህ ሦስት የሪሞት ድንጋይ በመያዣ አድርጌ፣ 4.5 ቮልት፣ ከዳዮዷ በኋላ 3.9 ገደማ፣ ከሳጥኑ ውጪ አንጠለጠልኳት። ቢያለቅሱም ውጪ ያልቅሱ።

ፕላስቲኩን በፔሮክሳይድ ቀብተህ ፀሐይ ላይ አስጥተህ አንጣው የሚሉኝ ልጆች አሉ። ይሠራል፣ አውቃለሁ። አንደኛ ነሐሴ ላይ ፀሐይ ከየት ይመጣል፣ ሁለተኛ ሠላሳ ዓመት የኖረበትን መልክ ለምን አጥባለሁ።

ነሐሴ 10

ሃርድ ዲስኩ። ይኼን ቀን ነው ስፈራው የከረምኩት፣ ሌላው ሁሉ ይቀየራል፣ ይሄ ግን አንድ ነው።

ስሰካው ጭጭ። መብራቱ በርቷል፣ አይዞርም። በዚያ ዘመን ዲስክ ላይ የታወቀ በሽታ ነው፣ ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥ ማንበቢያው ከሳህኑ ጋር ይጣበቃል። መድኃኒቱ ለነገሩ ያሳፍራል፣ ዲስኩን እጅህ ላይ ጠፍጣፋ ይዘህ ፓወር እንደበራ ቁልፍ እንደምታዞር አንጓህን ፈጠን አድርገህ ታዞረዋለህ። አንድ፣ ሁለት... ሦስተኛው ላይ ዊዊዊዊ ብሎ ተነሳ። እጄ ላይ ነፍስ የዘራ ነው የመሰለኝ።

899፣ 15፣ 62 ብዬ አስገባሁ። "ስታርቲንግ ኤምኤስ ዶስ" አለ። ከዚያ ያለ ምንም ጥያቄ ዊንዶውስ 3.1 ተከፈተ፣ ሃያ ዓመት ጆንያ ስር እንዳልነበረ።

ወዲያው አጠፋሁት! እዚህ ጋ ነው ሰው የሚሳሳተው፣ ደስ ብሎት ሲጎረጉር ዲስኩ ለዘላለም ያርፋል። መጀመሪያ ኮፒ ነው። ዩኤስቢ አዳፕተሬ አላወቀውም፣ ብዙዎቹ አዳፕተሮች በሲሊንደርና በሄድ ብቻ የሚናገር አሮጌ ዲስክ አይገባቸውም። ስለዚህ ፔንቲየሜ ላይ ሰክቼ በሊኑክስ ዲዲሬስኪው ሙሉውን 428 ሜጋ ሴክተር በሴክተር ቀዳሁት። ዲዲሬስኪው ብልህ ነው፣ እምቢ ያለውን ሴክተር ዘሎት ደህናውን ሁሉ መጀመሪያ ያወጣል፣ ከዚያ ነው ተመልሶ የሚለምነው። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ፣ እኔም ብርድ ላብ አጠመቀኝ፣ ግን የት እንደደረሰ በፋይል ይመዘግባልና ሌሊት ሲመጣ ካቆመበት ቀጠለ። ንጋት ላይ 37 ሴክተር ብቻ ቀረ። የመዝሙር ድምፅ ከጊዮርጊስ ሲመጣ ተኛሁ።

ነሐሴ 16

ቢያንስ አራት መቶ የዎርድ ፋይል አለ። የሲኒየር ኢሴው ርዕስ ብዛት! ስለ ጣና ዓሣ፣ ስለ ጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞች፣ ስለ ደንገልና ታንኳ... የሰው ሥራ ስለሆነ አልከፍትም ብያለሁ፣ ርዕሱን ብቻ ነው ያየሁት። የፋይል ስም ያኔ ከስምንት ፊደል አያልፍም፣ ስለዚህ እታለም የተማሪውን ስም በስምንት የእንግሊዝኛ ፊደል ጨፍልቃ ነው የምትጽፈው። "ዕድር2" የሚል አገኘሁ። መጋቢት 1990።

ወደ ላፕቶፔ አምጥቼ ከፈትኩት። የወጣው የአሞራ ጫጫታ ነው። የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ምልክት፣ ነጠላ ሰረዝ፣ አንድም አማርኛ የለም።

አሁን ስለዚህ ትንሽ ላውራ፣ ምክንያቱም "አሮጌ ዕቃ ምን ይሠራልሃል፣ ፋይሉን በፍላሽ ገልብጥ በቃ" ለሚሉኝ ሁሉ መልሱ እዚህ ነው። ፊደላችን 33 በ7፣ 231 ነው። ዲቃላዎቹን፣ ከ፩ እስከ ፼ ያሉትን 20 ቁጥሮች፣ ነጥቦቹን ስትጨምር ከ256 ያልፋል። ያኔ አንድ ፎንት የሚይዘው ደግሞ 256 ቦታ ብቻ ነው፣ ከሱም መጀመሪያው 32 አይነካም። ስለዚህ የአማርኛ ሶፍትዌር የሠሩት ሰዎች የግዕዙን ፊደል በእንግሊዝኛው ቁጥር ላይ ደርበው አስቀመጡት፣ ያልበቃቸውን አንዳንዱ ሁለተኛ ፎንት ላይ ጨመረ፣ አንዳንዱ የፊደሉን እግርና ክንድ ለብቻ ሠርቶ አናቱ ላይ ለጠፈ። ፓወር ግዕዝ በለው፣ ቪዥዋል ግዕዝ በለው፣ ብራና፣ አጋፋሪ፣ ሁሉም የየራሱ አቀማመጥ ነበረው፣ የአንዱን "ለ" ሌላው "ጨ" ብሎ ያነበዋል። ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደል ሁሉ የየራሱን ቁጥር የሚሰጠው የጋራ መስፈርት) ግዕዝን ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 እትሙ ነው፣ ዊንዶውስ ከራሱ ጋር የግዕዝ ፎንት ይዞ የመጣው ደግሞ በቪስታ ነው፣ ኒያላን። እታለም ሱቅ ስትዘጋ ቪስታ ገና አልተወለደም። እና ፋይሉ ውስጥ ያለው አማርኛ አይደለም፣ ቁጥር ነው፣ አማርኛ የሚሆነው እዚያ ዲስክ ላይ ካለው ፎንት ጋር ብቻ ነው። ፎንቱ ከጠፋ ወረቀቱ እጅህ ላይ እያለ ዓይንህ ታወረ ማለት ነው። ስንት መሥሪያ ቤት፣ ስንት ማተሚያ ቤት ዲስኩን ለቆራሌ ሰጥቶ ፍሎፒውን በሣጥን እንዳስቀመጠ ሳስበው ያመኛል።

ፎንቶቹን ገልብጬ ላፕቶፑ ላይ ጫንኩ። ግማሹ መጣ፣ ግማሹ ባዶ ሳጥን።

ነሐሴ 24

ሳምንቱን ማታ ማታ ሠንጠረዥ ስሠራ ከረምኩ። 486ቱ ላይ ከ33 እስከ 255 ያሉትን ቁጥሮች በሙሉ በሁለቱም ፎንት ደርድሬ ስክሪኑን በስልክ ፎቶ አነሳሁ፣ ከዚያ የትኛው ቁጥር የትኛው ፊደል እንደሆነ እያየሁ በዩኒኮድ ጻፍኩ። ዋናው ፎንት ቀላል ነበር። ዲቃላዎቹ ግን ሁለተኛው ፎንት ላይ ናቸው፣ ኳ፣ ጓ፣ ቋ፣ ስለዚህ ፕሮግራሜ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ያቺ ፊደል በየትኛው ፎንት እንደተጻፈችም ማየት አለበት። ሁለት ማታ እዚህ ላይ ሄደ።

ዛሬ ዕድር2 በንጹሕ አማርኛ ስልኬ ላይ ተነበበ። 22 አንቀጽ። ጠቡ የተነሳበት አንቀጽ 14 ነው፣ ቃል በቃል አልጽፈውም የሰው ጉዳይ ነው፣ ግን ፍሬ ነገሩ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም እንደ ሁኔታው ታይቶ በዳኛው ይወሰናል ነው የሚለው።

እንደ ሁኔታው! ሁለት ወር፣ አንድ ፍንዳታ፣ ሦስት መስመር ብየዳ፣ እንደ ሁኔታው። ሳቄ አላቆም ብሎ ባለቤቴ ምን ሆንክ ብላ መጣች፣ ነገርኳት፣ እሷም ሳቀች፣ ሰኔ 28 ከገባ ወዲህ ለዚህ ዕቃ የሳቀችው ይኼን ብቻ ነው።

ጳጉሜን 1

እታለምና ሁለት የዕድሩ ሽማግሌዎች መጡ። የተቀዳውን አትሜ ልሰጣቸው ነበር፣ አንደኛው ጋሼ ግን "የለም፣ ከመሣሪያው ላይ እንየው፣ የታተመማ ማንም ያትማል" አሉ። እውነታቸውን ነው። ቡና እስኪፈላ ላስነሳው ሄድኩ።

ሴቲንጉ ጠፍቷል። ሦስቱ ድንጋዮች የሉም፣ መያዣው ባዶ ተንጠልጥሏል። ልጄ ለሪሞት ወስዷቸዋል፣ "አባዬ ውጪ ስለተንጠለጠሉ የማንም መስለውኝ" ይላል። ሽማግሌ እያስጠበቅኩ ምን አደርጋለሁ፣ 899፣ 15፣ 62 ብዬ በጥድፊያ አስገባሁና አስነሳሁት።

ጋሼዎቹ መነጽራቸውን አውጥተው አንቀጽ 14ን ሁለት ጊዜ አነበቡ። ከዚያ አንደኛው "ታዲያ ዳኛው ማን ነበር ያኔ?" አሉ፣ ሌላኛው "አንተ ነበርክ እኮ!" አሏቸው፣ ክርክሩ እንደ አዲስ ተነሳ፣ ቡናውም ደረሰ።

እታለም ግን አልሰማቻቸውም። ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ስክሪኑን አተኩራ ታያለች። "ውይ፣ ድንካን ብዬ ነው የጻፍኩት" አለች። አየሁት፣ እውነቷን ነው፣ ድንኳን ለማለት ድንካን ይላል፣ ኳ ሁለተኛው ፎንት ላይ ስለሆነች ለአንድ ፊደል ፎንት መቀየር አስጠልቷት ይሆናል። እጇን ኪቦርዱ ላይ ስታሳርፍ ዝም ብዬ አየኋት። ፕላስተሩ ላይ ምንም የሚነበብ የለም፣ እሷ ደግሞ ወደ ቁልፉ አላየችም። ፎንቱን ቀየረች፣ ኳን መታች፣ ፎንቱን መለሰች፣ ሦስት ሰከንድ አልፈጀባትም፣ እኔ ሠንጠረዥ ይዤ ሁለት ማታ የፈጀሁባት ፊደል ናት።

ከዚያ ሴቭ አደረገችው። "እታለም ኦሪጅናሉን!" ብዬ ስጮህ ዲስኩ ጠረር ብሎ ጨርሷል።

ኮፒው ስላለኝ ጉዳት የለውም። ሲሄዱ ግን ፋይል ማናጀር ከፍቼ አየሁት፣ የዲስኩን ቁጥር ሳስገባ ቀኑን ረስቼዋለሁ። ዕድር2 አሁን የተጻፈው ጃንዋሪ 1 ቀን 1980 ነው ይላል፣ በደቅስዮስ ለት፣ ዕድሩ ከመመሥረቱ ዘጠኝ ዓመት ቀድሞ።